ለበረኛዋ የተሸከምሁት መርዶ፤ ከደጀን እስከ አሶሳ

ሌሊቱን ለንጋት፣ በጋውን ለክረምት የሚያስረክብ፣ መንገደኛን ከመንገድ ክፉ የሚሰውር የልዑል እግዚአብሔር ስም በፍጡር ሁሉ አንደበት ይመስገን። እርሱን አስቀድሜ፣ ባለፈው ግንቦት ከደጀን ተነሥቼ እስከ አሶሳ ያደረግሁትን ጉዞ፣ ያን አገር በዓይናቸው ለማያዩ ወገኖቼ እጽፋለሁ። የሄድሁት አገር ለማየት አልነበረም። ታናሽ እኅቴ ውባለም በድንገት ታማ በማግሥቱ ዐረፈች፤ ቀብሯም ተፈጸመ። መርዶውን ለአንዲት ልጇ ለትርንጎ ማድረስ በእኔ ላይ ወደቀ።

ትርንጎ በአሶሳ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት። ውል ፈርማ፣ ደመወዝ ተቆርጦላት፣ ከጓደኞቿ ጋር በካምፕ ትኖር ነበር። ነገሩ ሲጀመር በሰፈራችን ብዙ አፍ ተከፍቶበታል። «ሴት ልጅ በቁምጣ ሮጣ ምን ልታመጣ ነው?» ለሚሉት ሁሉ እኅቴ «የምታመጣውን ቆይታችሁ ታያላችሁ» እያለች ስትመልስ ኖረች። የቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰው የትርንጎ ደመወዝ ነው።

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ሳለ ስለ ምን አልተደወለላትም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። የሚሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ፣ ሲያለቅስም አብሮት የሚያለቅስ ዓይን ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ማንም እንዳይደውልላት ዘመድ ሁሉ ተስማማን፤ የእኅቴንም ስልክ አጥፍተን አስቀመጥነው። የወንድሜ ልጅ ብቻ ለቡድኑ መሪ ደውሎ የምመጣበትን ምክንያት ነገረው።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ማለዳ ተነሣሁ። ጥቁር ልብሴን አውልቄ ነጭ ጋቢ ደረብሁ፤ ጥቁር ለብሼ ብታየኝ ገና ከሩቅ ትረዳለችና። ለእርሷ የሚሆን ጥቁር ነጠላ ግን አጣጥፌ በከረጢቴ ሥር አኖርሁ። የእኛ ደጀን ነፋሻ ነው፤ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ግን ሙቀቱ እንደ እቶን ተቀበለን። ጎሐ ጽዮን ላይ ስንወጣ ብርዱ መለስ አለልኝ፤ ከዚያ በኋላ በመንገዴ ሁሉ የአገሬን አየር አላገኘሁም።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ተከራየሁ። ከታች ባለው ቤት ወጣቶች ተሰብስበው በቴሌቪዥን የውጭ አገር ኳስ ያዩ ነበርና ጩኸታቸው እንቅልፍ ነሣኝ። ወርጄ የቤቱን አስተናጋጅ «የእኛን አገር ሴቶችስ ታሳያላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሴቶቹን? ማን ሊያያቸው አባባ። ቤቱ ባዶ ይቀርብኛል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጸጥታ ወዳለበት ክፍል በራሱ ፈቃድ አዛወረኝ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ የነቀምት አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ኦቦ ገመቹ የሚባል የባምባሲ ነጋዴ ነበር፤ ማንጎ ወደ አዲስ አበባ አድርሶ የሚመለስ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«አባ፣ አሶሳ ምን አለዎት?»

«የእኅቴ ልጅ አለች። በረኛ ናት።»

«የባንክ ነው የሆስፒታል?»

«የኳስ በረኛ።»

ኦቦ ገመቹ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። «ይቅር ይበሉኝ አባ። እኔ ጠብመንጃ የያዘች መስሎኝ ነው። ታዲያ ጎል አይገባባትም?»

«ይገባባታል እንጂ። ከሌሎቹ ግን ያንሳል ይላሉ።»

«እንግዲያው ከእኔ ትሻላለች። በእኔ በኩል ሁሉም ነው የሚገባው» አለና ማንጎ የበሰበሰበትን፣ መኪና የተሰበረበትን፣ ሚስቱ የተቆጣችበትን ሁሉ እስከ አምቦ ሲያጫውተኝ ሄደ። ከባኮ ወዲህ ጎማ ፈንድቶ ብዙ ዘገየን። ሜዳው ለጥ ያለ፣ በቆሎው ገና ከመሬት ብቅ ያለ ነበር፤ እኛ ዘንድ በዚያ ሰሞን ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ቀጥሎ ፍተሻ ደረስን። ሁላችንም ወረድን፤ አንድ ወጣት ወታደር ከረጢቴን ፈትቶ ጥቁሩን ነጠላ አወጣ።

«ይሄ የማን ነው አባት?»

«የሐዘን ልብስ ነው ልጄ። መርዶ ይዤ ነው የምሄደው። እናቷ ለሞተችባት ልጅ ነው።»

ወታደሩ ጠብመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ ነጠላውን በነበረበት አኳኋን እንደ ሴት ልጅ በጥንቃቄ አጣጥፎ መለሰልኝ። «ያጽናዎት» አለኝ። ኦቦ ገመቹ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀልድ አልወጣውም፤ ነቀምት ስንደርስ አልጋ ሁሉ ተይዞ ቢያገኝ እጄን ይዞ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደኝ። ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም። ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለ ነበር ጾም አልነበረብኝምና እርጎ አቀረበችልኝ። ኦቦ ገመቹ ምክንያቱን በኦሮምኛ ሲነግራት እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሳይነጋ ስንወጣም እስከ ደጅ ሸኘችን።

በሦስተኛው ቀን ጊምቢንና መንዲን አልፈን ወደ ቆላው ገባን። መሬቱ ቀላ፤ የቀርከሃው ጫካ መንገዱን ግራና ቀኝ ያዘ። ባምባሲ ላይ ኦቦ ገመቹ ሲወርድ እጄን ስሞ «አባ፣ ቀስ ብለው ይንገሯት» ብሎኝ ሄደ።

አሶሳ መናኸሪያ አንድ ቆብ ያደረገ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። የቡድኑ መሪ አቶ ደረበ ነው። ከረጢቴን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ጭማቂ ቤት ወሰደኝ፤ የማንጎ ጭማቂ አስቀርቦ፣ ብርጭቆውን ሳልነካው መናገር ጀመረ።

«የኔታ፣ ነገ ከሰዓት ጨዋታ አለን። የዓመቱ መጨረሻ ነው። አቻ ከወጣን እንተርፋለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ የሴቶቹ ቡድን ይፈርሳል፤ ከበላይ ተነግሮናል።»

«ሌላ በረኛ የላችሁም?»

«ራህማ የምትባል የሆሞሻ ልጅ አለች። አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም። ትርንጎ ካልቆመች አለቀልን። እነዚህ ልጆች ሁሉ ከዚህች ኳስ ሌላ እንጀራ የላቸውም አባቴ። የሞቱት እናት ነፍሳቸውን ይማር፤ ነገ ብትሰማም ዛሬ ብትሰማም አይመለሱም። ጨዋታው እስኪያልቅ ብቻ ይታገሡኝ።»

አሰብሁ። መርዶ ደግሞ ማታ አይነገርም፤ ስለዚህ ከጨዋታው ማግሥት ንጋት ላይ ብነግራት ከሥርዓቱ አልወጣሁም አልሁ። የብዙ ልጆች እንጀራ ነው አልሁ። እሺ ብዬ ቃል ሰጠሁት።

ካምፑ የሴቶች ስለ ሆነ ማደሪያዬ በአጥር ወዲያ ከምትኖረው ከእመት ሐዋ ቤት ተዘጋጀ። እመት ሐዋ የራህማ አክስት ናት፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፣ እስላም ናት። ከበር ላይ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቅርባ፣ እኔ ሳመነታ አይታ ሳቀች።

«አባባ፣ አንተ ብላ። ድስት አዲስ ነው። ስጋ አያውቅም። የናንተ ሰው ምን እንደሚበላ እኔ አውቃል።»

ባሚያው እንደ እኛ አገር ተልባ የሚያዳልጥ ነው፤ ለምጄው አላውቅም፤ ግን ለእኔ ሲባል አዲስ ድስት የገዛ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝምና ጠርጌ በላሁ።

ገና እጄን ሳልታጠብ ትርንጎ ከልምምድ መጣች። ቁመቷ የእናቷ ነው። ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ላብ በግንባሯ ይወርድ ነበር።

«የኔታ፣ እርስዎ እዚህ ይመጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ። እማዬስ?»

«ደኅና ናት።»

«ስልኳ አይሠራም እኮ።»

«ተበላሽቶ ነው። ለሠሪ ተሰጥቷል።»

«እኔ ደግሞ ለፋሲካ ስላልመጣሁ የተቀየመችኝ መሰለኝ።»

«አልተቀየመችሽም።» ከተናገርሁት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ምን እግር ጣለዎት?»

«ስትጫወቺ ልይ ብዬ ነው።»

ይህን ስትሰማ ወደ አጥሩ ዞራ ጓደኞቿን ጠራች። «ልጆች፣ ኑ እዩ፤ የኔታ ኳስ ሊያዩ መጡ። የቅኔ መምህር ደጋፊ አገኘን።» ልጆቹ ግር ብለው መጡ፤ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የወለጋ፣ የከተማው ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ቀጭኗ፣ ራህማ፣ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አንተ በረኛ ነው የምትወደው? እኔም በረኛ ነኝ። ለኔም አጨብጭብ።»

«አንቺ ተቀምጠሽ ነው የምታጨበጭቢው» አለቻት ትርንጎ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሣቅ ለማለት ሞከርሁ፤ ፊቴ ግን አልታዘዘኝም።

ሲመሽ የቡድኑ አሠልጣኝ መጣች። ጫልቱ ትባላለች፤ የወለጋ ሴት ናት፤ ዱሮ ተጫዋች ሳለች በተጎዳ ጉልበቷ ትንሽ ታነክሳለች። በረከቦቱ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«አባቴ፣ አቶ ደረበ አሁን ነገረኝ። እኔን ሳይጠይቅ ከእርስዎ ጋር መስማማቱንም ነገረኝ። እኔ አልተስማማሁም።»

«ብትሸነፉስ?»

«መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ። ሴት አሠልጣኝ ስትሸነፍ ወንዶቹ እንደሚሸነፉት አይደለም የሚቆጠረው። ሴት ስለ ሆነች ነው ይላሉ። ሌላ ቡድን አይሰጠኝም።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«ተጫዋች ሳለሁ አባቴ ሞተ። ውድድሩ እስኪያልቅ ደበቁኝ። ጎል አግብቼ እጄን ዘርግቼ ስጨፍር የተነሣሁት ፎቶ አለ። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ አሁንም ድረስ ይልኩልኛል። ያን ጊዜ አባቴ ከተቀበረ ሳምንት ሆኖታል። እናቴ ቤት ለሐዘን የመጣው ሁሉ ጭፈራዬን በቴሌቪዥን አይቶታል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬ ትርንጎ እናቴ ደኅና ናት ብላ ነው የምትተኛው። ነገ ብናሸንፍ ትጨፍራለች። ያን ጭፈራ ማን ይመልስላታል? እኔን ያደረጉኝን በሷ አላደርግም። ግን መርዶው የእርስዎ ነው። እኔ ልነግራት አልችልም።»

ይህን ብላ ወጣች። እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከመጻሕፍት እግር ሥር ተቀምጫለሁ፤ ሥርዓቱን አጥብቄ የያዝሁት በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ሰው ለመጠበቅ መሆኑን ያን ማታ አንዲት የኳስ አሠልጣኝ አሳሰበችኝ። ጸሎቴን አድርሼ ወደ ካምፑ ላክሁባት፤ ንጋት ላይ ልጆቹን ሰብስቢ አልኋት።

የገብርኤል ዕለት ነበር። ጎሕ ሲቀድ እመት ሐዋና ጎረቤቶቿ፣ ከቤተ ክርስቲያንም አንድ ቄስ፣ በካምፑ በር ተሰበሰብን። አቶ ደረበ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«የኔታ፣ ቃል ሰጥተውኝ ነበር።»

«ሰጥቼህ ነበር። አሁን መለስሁት። የእኔ ጥፋት ነው፤ ሰጥቼ መንሣቴን ይቅር በለኝ።»

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ከኋላችን ተከተለ።

ትርንጎ በእንቅልፍ ልብሷ በሩን ከፍታ ወጣች። ልጆቹ በቱታ ግቢውን ሞልተው ቆመዋል። እኔን አየች፤ ቄሱን አየች፤ ከዚያ ዓይኗ ከራህማ ፊት ላይ አረፈ። ራህማ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«እማዬ ናት?» አለች።

«አዎ ልጄ። ውባለም ዐረፈች።»

መሬት ላይ ወደቀች። በሁለት እጇ መሬቱን መምታት ስትጀምር ልጆቹ እንደ አንድ ሰው ተወርውረው እጆቿን ያዙ። በእኛ አገር ሐዘንተኛን በወገቡና በትከሻው ነው የሚይዙት፤ እነዚህ ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ሸፍነው ያዙ። የበረኛ ጣት እንዳይሰበር መጠበቅ ልማዳቸው ኖሯል። እመት ሐዋ የትርንጎን ራስ በጭኗ ላይ አኖረች። በዓረብኛ የእስላሞቹን የሐዘን ቃል አለችና «እናት አንድ ነው። የኔም ሞቷል። አልቅስ ልጄ፣ አልቅስ» አለቻት። ጥቁሩን ነጠላ አውጥቼ አለበስኋት።

ረፋዱ ላይ አቶ ደረበ ወደ ጫልቱ ጠጋ ብሎ «ምናልባት ከሰዓት ትችል ይሆን?» ሲል ሰማሁት።  የመለሰችው ትርንጎ ናት።  ራህማን ጠርታ «ጓንቴ ከአልጋዬ ሥር ነው፤ የኔን አድርጊ፤ ያንቺ ያዳልጣል» አለቻት።

ሰባት ሰዓት ግድም ልጆቹ ተራ በተራ ስመዋት ወጡ። ሜዳው ቅርብ ነው፤ የሕዝቡ ድምፅ ከተቀመጥንበት ይሰማል። እኔ፣ ትርንጎ፣ እመት ሐዋና ጥቂት ሴቶች ምንጣፉ ላይ ቀረን። ትርንጎ ማልቀሷን አቁማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ሕዝቡ በታላቅ ድምፅ ጮኸ።

«አገባን» አለች፤ ድምፅዋ ደስታ አልነበረውም።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ ጩኸቱ በመካከሉ ተቆረጠ። እኔ ምንም አልገባኝም። እርሷ ግን «ገባብን። ከማዕዘን የተመታ ነው» አለች። እስካሁን አቻ ነው፤ እንተርፋለን ብዬ በልቤ ቆጠርሁ፤ በሐዘንተኛ አጠገብ ተቀምጬ ይህን መቁጠሬ ለራሴም ገረመኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ጀመረ። ዳግመኛ ዝምታ ሆነ፤ ይህኛው ረጅም ነበር፤ ከዚያም ሰው ሲበተን የሚሰማው ጉርምርምታ መጣ። ትርንጎ ነጠላውን በፊቷ ላይ ሳበች።

ልጆቹ ከነጭቃቸው፣ ከነታኬታቸው መጥተው ምንጣፉን ከበው ተቀመጡ።  ራህማ ከሁሉ ኋላ አጥሩ ሥር ቆማ ቀረች። ትርንጎ አይታት «ነይ» አለቻት። መጣች።

«እኔ ነው ያስገባሁ» አለች ራህማ። «ቡድን የገደለ እኔ ነው።»

«ሁለተኛው በየት በኩል ገባ?»

«በሥር። በቀኝ። ኳስ ነጠረ።»

«እዚያ ጋ መሬቱ ጎድጓዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድፈኑት ስል ነበር። እኔም ብሆን አልይዘውም ነበር።»

ራህማ ጓንቶቹን አውልቃ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸውና ፊቷን በትርንጎ ትከሻ ላይ ደፋች። ሐዘንተኛዋ አጽናኝ ሆነች።

ሠልስቱን እዚያው ተቀመጥን። በየቀኑ ከአምባ ሠፈር፣ ከገበያ፣ ከመስጊድ የመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ማንጎና ቂጣ ይዘው ሲጠይቁን ዋሉ። በሠልስቱ ዕለት የጫልቱ ስልክ ጠራ። ከምንጣፉ ሳትነሣ ሰማች፤ «እሺ፣ ገባኝ» ብላ ዘጋች። ቡድኑ ፈርሷል፤ እርሷም ተሰናብታለች፤ ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ካምፑን ይልቀቁ ተብሏል። የእርሷ መርዶ በስልክ መጣ። ንጋት ተጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ የነገራት የለም። ትርንጎ ከቦታዋ ተነሥታ፣ ጥቁሩን ነጠላ እንደ ለበሰች አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች፤ አሁን የምትጽናናው ጫልቱ ሆነች።

በማግሥቱ መናኸሪያው ልጆቹን በየአቅጣጫው ሲበትን አየሁ፤ አንዷ ወደ ማንኩሽ፣ አንዷ ወደ ቡለን፣ ሌሎቹ ወደ ወለጋ። የተጣጠፈ ፍራሽና በገመድ የታሠረ ታኬታ ተሸክመዋል። እመት ሐዋ ለመንገዳችን በቅጠል የጠቀለለችውን ቂጣ ሰጥታን ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ ቀረች።

የመልሱ መንገድ እንደ መሄጃው ነበር፤ ስለ እርሱ የምጽፈው ጥቂት ነው። የዓባይን በረሃ ስንወጣ ትርንጎ ከመስኮቱ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«የኔታ፣ አሠልጣኟ ባትመጣ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?»

«አልነግርሽም ነበር።»

 ደጀን ደርሰን የእናቷን ደጅ ስታይ ነው ድምፅዋን ዳግመኛ የሰማሁት።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ጫልቱ ሥራ እንዳላገኘች ሰማን። ራህማን በሆሞሻ ለባል አጭተዋታል ይባላል። ለትርንጎ እስካሁን የደወለ ቡድን የለም፤ በእናቷ ቤት፣ በራሷ ቆርቆሮ ሥር፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሰፈርተኛውም አፉን እንደገና ከፍቷል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ይህን ጉዞ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት ብዙ አሰበች፤ «አይጻፉት» የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ይጻፉት» አለች። «ግን ሁለተኛው ጎል የራህማ ጥፋት እንዳልነበረ ይጻፉ።»

የራህማ ጥፋት አልነበረም።

ይህን ያነበብህና ያነበብሽ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከድንገተኛ ልቅሶ ይሰውር፤ ልቅሶ በመጣም ቀን እጃችሁን የሚይዝ እጅ አያሳጣችሁ፤ ሴቶች ልጆቻችሁን በሄዱበት መንገድ ሁሉ በሰላም ያውላቸው፣ በሰላምም ያግባቸው። አሜን።